ጉዳዩ፦ ሳይስተካከል «ታድሷል» ተብሎ ስለተመለሰ ፍሬን

ለጥገና ክፍል ኃላፊ፣

በ1964 እ.ኤ.አ. የተሠራው ባለ ሁለት መቀመጫ ስፖርት መኪና ለፍሬን እድሳት ድርጅታችሁ ገብቶ፣ ሦስት ጊዜ ከፍሬን መስመሩ አየር ወጥቶለት ተመልሷል። ፔዳሉ ግን አሁንም ይለሰልሳል፤ ጥቂት እንደተነዳም አራቱም ጎማዎች ሳይረገጥ ይያዛሉ። የተሰጠን መልስ «የድሮ መኪና ፍሬን ጸባዩ ነው» የሚል ነበር።

ጸባዩ አይደለም። የፍሬን ዘይት በቀላሉ አይታመቅም፤ የሚታመቀው አየር ነው። አየሩ ያለበትን ቦታ ደግሞ መኪናውን ሳይነዱ በዓይን ማየት ይቻላል፦ የግራና የቀኝ የፊት ካሊፐሮች (ሸራውን በዲስኩ ላይ የሚጫኑት ክፍሎች) ተቀያይረው ስለታሰሩ የአየር ማስወጫ ብሎኖቹ ወደ ታች ዞረዋል። አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ በካሊፐሩ አናት ይቀራል፤ ከታች የሚፈሰው ዘይት ብቻ ነው። በዚህ ሁኔታ ሠላሳ ጊዜ ቢደገምም ለውጥ አያመጣም።

የመያዙ ምክንያት ሌላ ነው። ጎማው በተያዘበት ሰዓት ማስወጫ ብሎኑ ሲላላ ዘይቱ በግፊት ፈንጥቆ ጎማው ተለቀቀ፤ ስለዚህ የጎማው ፍሬን ፒስተን አልዛገም፣ የታሰረ ግፊት አለ። በድጋሚ ሲያዝ ከማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ከሚገፋው ክፍል) የሚወጣው ቱቦ መጋጠሚያ ሲላላ አራቱም አብረው ተለቀቁ። እንግዲህ ችግሩ ወደ ጎማዎቹ ከሚሄዱት ቱቦዎች ሳይሆን ከማስተር ሲሊንደሩ ነው። የፔዳሉ መግፊያ ዘንግ ያለ ምንም ክፍተት ስለታሰረ የሲሊንደሩ ፒስተን ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ አይመለስም፤ ጎሚኒውም (የፒስተኑ ማሸጊያ ላስቲክ) ወደ ዘይት ማጠራቀሚያው የሚያስመልሰውን ትንሽ ቀዳዳ ደፍኗል። ዘይቱ ሞቆ ሲሰፋ መውጫ አጥቶ የፍሬን ሸራውን ይገፋል።

በሥራ ማዘዣው ላይ የፍሬን ዘይቱ ዓይነት ዶት 4 ተብሎ ቢጻፍም ከማጠራቀሚያው በብርጭቆ የተቀዳው ዘይት ከላይ ሐምራዊ፣ ከታች ቢጫ ሆኖ ተለያይቷል። ሐምራዊው ዶት 5፣ ማለትም ሲሊኮን ነው፤ ከዶት 4 ጋር አይዋሃድም። የአየር አረፋም በቀላሉ አይለቅም። (የቁጥሩ መቀራረብ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ባለሙያን ግን ሊያሳስት አይገባም።)

መኪናው ባለ አንድ መስመር ፍሬን ነው። አንድ ቦታ ላይ ካፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን አልባ ይሆናል፤ ስለዚህ ጉዳዩ የምቾት ጥያቄ አይደለም።

በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ያለ ክፍያ እንዲሠራ የምንጠይቀው፦ ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ መስመሩ በአልኮል እንዲታጠብ፣ ጎሚኒዎች በሙሉ እንዲቀየሩ፣ ካሊፐሮቹ ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ፣ የዘንጉ ክፍተት በአምራቹ መመሪያ ልክ እንዲስተካከል፣ ከታሸገ ጣሳ በተከፈተ አዲስ ዶት 4 እንዲሞላ። ርክክብ የምንፈጽመው ፔዳሉ ለ30 ሰከንድ ተረግጦ ካልወረደና፣ መኪናው ተነድቶ ከሞቀ በኋላ በክሪክ ተነሥቶ አራቱም ጎማ በእጅ ሲዞር ካልያዘ ብቻ ነው። ለሦስቱ የአየር ማስወጣት ሥራዎች የተከፈለው ሒሳብም ይመለስልን።

ከሰላምታ ጋር፣
የመኪናው ባለቤቶች