ቶሳ ላይ የተቃጠለው ሽቦ፦ የአይሲቲ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን ምን ሠራ ስባል ቀድሞ የሚመጣብኝ አንድ የተቃጠለ ሽቦ ነው።

ኅዳር ውስጥ ነው፤ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ። ፕሮጀክተሩ በኮምፒውተር ጌም ውስጥ የሠራነውን ሰፈራችንን ግድግዳው ላይ ያሳያል። 27 ልጆች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። የደሴ ብርድ በመስኮቱ ይገባል፣ የሚያስታውሰው ግን የለም። ድንገት ከድንጋይ መፍጫው አጠገብ ያለው ሽቦ ብልጭ አለና ተበጠሰ። መብራቱ ጠፋ፤ ኦክስጅን ማሰራጫዎቹም ቆሙ። ከኋላ አንድ ልጅ «ኧረ ሰዎቻችን ሊታፈኑ ነው!» ብሎ ጮኸ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ክበባችን ለዓመታት ወርድና ኤክሴል ሲደግም ኖሯል። ዘንድሮ ሌላ ነገር እንሞክር ብዬ አሰብኩ። ውጭ አገር የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪያችን «ኦክስጅን ኖት ኢንክሉድድ» የሚባል ጌም ገዝቶ በስጦታ ላከልን። ክሌይ የተባለ የካናዳ ድርጅት የሠራው ነው፤ ተጠናቆ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። 3 ሰዎች በአንድ የጠፈር ድንጋይ ሆድ ውስጥ ይነቃሉ። ቆፍረው፣ የሚተነፍሱት አየር ፈጥረው፣ ምግብ አብስለው መኖር አለባቸው። በየጊዜውም አዲስ ሰው ይጨመራል። ኑሮው ድንጋይ ውስጥ ስለሆነ ልጆቹ ሰፈሩን በተራራችን ስም «ቶሳ» አሉት።

ጌሙን የሚችል ኮምፒውተር ያለን አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱ ቡድን ማውስ ይይዛል፣ ሌሎቹ ደብተር። መጀመሪያ ይሄ አሳስቦኝ ነበር። ኋላ ሳየው ግን ትልቁ ሥራ የተሠራው ደብተሩ ላይ ነው። ማውስ የያዘ ልጅ ይቸኩላል፤ እርሳስ የያዘ ያስባል።

ወደ ሽቦው ልመለስ። መጀመሪያ ላይ ኤሌክትሪክ የሚገኘው ሰው እየሮጠ ከሚያዞረው ጀነሬተር ነው። አንዱ 400 ዋት ይሰጣል። እኛ 3 ነበሩን፤ 1,200 ዋት ማለት ነው። ሽቦው ሲበጠስ ማውስ የያዘው ቡድን ወዲያው «ቲቸር፣ ኃይል አንሶን ነው፤ አራተኛ ጀነሬተር እንጨምር» አለ። ብዙዎቹ ተስማሙ። እኔም ዝም አልኩ። መምህር ዝም ማለት ያለበት ሰዓት አለ።

አራተኛው ተሠራ፤ ሽቦውም ተጠገነ። ትንሽ ቆይቶ እዚያው ቦታ እንደገና ተበጠሰ።

ይሄኔ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ደብተሯን ይዛ ተነሳች። ሽቦው ላይ ያለውን ዕቃ ሁሉ መዝግባለች። ሁለት ኦክስጅን ማሰራጫ 240፣ ሁለት ፍሪጅ 240፣ የምግብ ማዘጋጃው 240፣ ሱፐር ኮምፒውተሩ 120፣ የምርምር ጣቢያው 60፣ የኤሌክትሪክ ምድጃው 60። ድምሩ 960። «ተራው ሽቦ የሚችለው 1,000 ዋት ነው» አለች። «ድንጋይ መፍጫው 240 ነው። እሱ ሲነሳ 1,200 ይሆናል። ችግሩ ጀነሬተሩ አይደለም፤ ሽቦው ነው።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ለቀናት ደህና የነበረው ሁሉም ዕቃ አንድ ላይ ስላልተነሳ ነበር። ጀነሬተር ብትጨምሩ ሽቦው የሚችለው አይጨምርም። በዚህ ጌም ሽቦ የሚያቃጥለው የሚመነጨው ኃይል ሳይሆን ዕቃዎቹ የሚጠይቁት ጭነት ነው። መስመሩን ለሁለት ከፈሉት፤ መፍጫው ለብቻው ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ዕቃ ከመሠራቱ በፊት «ስንት ይጠይቃል?» የሚል ድምፅ ከኋላ መምጣቱ አልቀረም።

ቀጥሎ የሰጠሁት የቤት ሥራ እያንዳንዱ ልጅ ቤቱ ያለውን የኤሌክትሪክ ዕቃ ዋት ከጀርባው ላይ አንብቦ እንዲመጣ ነው። የአንዳንዱ ጽሑፍ ጠፍቶ አልነበብ አለ። ከተነበቡት ውስጥ ሁሉንም ያስደነገጠው ምጣድ ነው። አንዱ ላይ 3,500 ዋት ተጽፏል። በቶሳ ቋንቋ 9 ሰው መሮጥ አለበት ማለት ነው፤ ለአንድ እንጀራ ምጣድ! በ220 ቮልት ስናካፍለው 16 አምፒር ገደማ መጣ።

ከሸዋበር የምትመጣ ልጅ እጇን አወጣች። እነሱ ቤት ምጣዱና የወጥ ምድጃው በአንድ ኤክስቴንሽን ነው የሚሠሩት። «ሲጋገር ገመዱ ትኩስ ሻይ እንደያዘ ብርጭቆ ይሞቃል ቲቸር» አለች። እንዳትነካው፣ እናትሽንም ዛሬውኑ ንገሪያቸው አልኳት። በሳምንቱ ስትመጣ ምድጃው ወደ ሌላ ሶኬት ተዛውሯል። ለምጣዱ ደግሞ ኤሌክትሪሺያን መጥቶ ለብቻው ወፍራም ሽቦ ዘርግቶለታል። «እማዬ አመስግኚልኝ ብላለች» አለችኝ። ዓመቱን ሙሉ ከሠራነው ሁሉ ይሄ ለእኔ ይበልጥብኛል።

የካቲት ላይ መሀል ጨዋታ እያለን የእውነተኛው መብራት ጠፋ። «አብሽሩ፣ ይመጣል» ተባብለው ተቀመጡ። አንዱ ስልኩን ፓወር ባንክ ላይ ሲሰካ ጎረቤቱ «በቶሳ ስንት ባትሪ ይሆናል?» ብሎ ጠየቀው። በመስኮቱ ብርሃን ሠሩት። የጌሙ ትንሹ ባትሪ 10,000 ጁል ይይዛል። አንድ ኦክስጅን ማሰራጫ 120 ዋት፣ ማለትም በሰከንድ 120 ጁል፣ ስለሚበላ በ83 ሰከንድ ይጨርሰዋል። ፓወር ባንኩ 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት በ3.7 ቮልት ነው፤ 37 ዋት ሰዓት፣ ማለትም 133,200 ጁል። ኪስ ውስጥ የሚገባው ዕቃ 13 የቶሳ ባትሪ ሆኖ ተገኘ። የዋትንና የጁልን ልዩነት በሰሌዳ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። እንደዚያ ቀን ገብቷቸው አያውቅም።

ጌሙ የማያስተምረው ነገርም አለ፤ ይሄን ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ። ውስጡ ቮልቴጅ የለም። የጌሙ ትራንስፎርመር ትንሹ 1,000 ዋት፣ ትልቁ 4,000 ዋት ብቻ እያሳለፈ ቀጭኑን ሽቦ ይጠብቃል። መንገድ ዳር ምሰሶ ላይ የምናየው ግን ከ15,000 ወይም ከ33,000 ቮልት ወደ 380 እና 220 የሚያወርድ ነው። ከሰሉም እንደዚያው። የጌሙ የከሰል ጀነሬተር በሰከንድ 1 ኪሎ ከሰል በልቶ 600 ዋት ይሰጣል፤ ከአንድ ኪሎ 600 ጁል ብቻ ማለት ነው። እውነተኛ ጥሩ የድንጋይ ከሰል በኪሎ ከ20 ሚሊዮን ጁል በላይ አለው። ልዩነቱን ያገኙት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። የ11ኛ ክፍሎቹ የፊዚክስ መምህራቸው ዘንድ ሄደው ተከራከሩበት።

መጋቢት ላይ ዘመናዊውን ባትሪ ሠሩ። ሲጎድል ጀነሬተሩን ያስነሳል፣ ሲሞላ ያጠፋል። አንዱ «የሮቶ ተንሳፋፊ ነው እኮ» አለ፤ ከዚያ ወዲህ ስሙ ተንሳፋፊ ሆኖ ቀረ።

ግንቦት ፈተና ነበርና ብዙም አልተገናኘንም። ያም ሆኖ የመጨረሻው ክርክር አይረሳኝም። ውሃን በኤሌክትሪክ የሚከፍለው ማሽን በሰከንድ 1 ኪሎ ውሃ ወስዶ 888 ግራም ኦክስጅንና 112 ግራም ሃይድሮጅን ይሰጣል። የሃይድሮጅን ጀነሬተር በሰከንድ 100 ግራም አቃጥሎ 800 ዋት ያመነጫል። ታዲያ ማሽኑ ከራሱ ሃይድሮጅን በሚገኘው ኃይል ራሱን መቻል ይችላል? አንደኛው ቡድን አይችልም አለ። ማሽኑ 120 ይበላል፤ ጋዞቹን የሚስቡት ሦስት ፓምፖች እያንዳንዳቸው 240፤ ድምሩ 840። በ40 ዋት እንከስራለን!

ሁለተኛው ቡድን ግን ፓምፖቹ ሁልጊዜ አይሠሩም አለ። አንድ ፓምፕ በሰከንድ 500 ግራም ይስባል። 112 ግራም ሃይድሮጅን ለማንሳት በአማካይ 54 ዋት ይበቃል። ለኦክስጅኑ 426። ከማሽኑ 120 ጋር ልክ 600 ሆነ። 200 ዋት ይተርፋል።

የግፊት መለኪያ አስገብተው፣ ጋዝ ሲያንስ ፓምፑ እንዲቆም አድርገው ሠሩት። ሰኔ ላይ ኮምፒውተሩን ስንዘጋ የቶሳ ባትሪዎች ሙሉ ነበሩ። የሩጫ ጀነሬተሮቹ ላይ ማንም አልነበረም።