ለሙሌ፣ ስለ ላውንደሪህ

ይድረስ ለወንድሜ ሙሌ፣

እንደምን ከረምክ? እማማስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ያው እንደ ድሮው ኬብል ስጎትት እውላለሁ። ለምን እንደተጠፋፋን ስንገናኝ እንጣላበታለን። አሁን የጻፍኩልህ ለሌላ ጉዳይ ነው።

ባህር ዳር ላውንደሪ መክፈትህን ታናሽ ወንድምህ ነገረኝ። የሆቴል አንሶላ ትረከባለህ አሉ። እሰይ! ግን አንድ ነገር ጣል አደረገና እንቅልፍ ነሳኝ። ልጅቷ ከትልቁ ማሽን አንሶላ ስታወጣ ነዘር ያደርጋታል፤ እናንተ ደግሞ እግሯ ስር ካርቶን አነጠፋችሁላት። ሙሌ፣ ካርቶን እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ስንት ደቂቃ ሳይርስ ይቆያል?

«ብሬከር አለው እኮ» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ብሬከር የሚጠብቀው ኬብሉን ነው፣ ልጅቷን አይደለም። የማሽንህ ማሞቂያ 18 ኪሎዋት ነው እንበል። በስሪ ፌዝ (በሦስት መስመር በሚመጣ ኮረንቲ)፣ በ380 ቮልት፣ 27 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ስለዚህ ባለ 32 ብሬከር ይገጠምለታል። ሲ የሚባለው ዓይነት ከሆነ በቅጽበት እንዲወርድ ከ160 እስከ 320 አምፔር ያስፈልገዋል። ሰው ለመግደል ግን የአንድ አምፔር አንድ አስረኛ ይበቃል።

«ለኧርዝ፣ ያፈተለከ ኮረንቲ ወደ መሬት እንዲወርድ፣ ብረት ቀብረናል» ብትለኝም አልረጋጋም። ፌዙ፣ ማለትም ኮረንቲ የሚያመጣው ሽቦ፣ የማሽኑን ቆርቆሮ ቢነካና የተቀበረው ዘንግ ኮረንቲን የሚያግድበት መጠን 20 ኦም ቢሆን፣ የአንዱ ፌዝ 220 ቮልት ለ20 ሲካፈል 11 አምፔር ነው። ብሬከሩ ጤነኛ ጭነት መስሎት ዝም ይላል። የማሽኑ ቆርቆሮ ኮረንቲ ተሸክሞ ይውላል።

የሚያድናት ባለ 30 ሚሊአምፔር ኧርዝ ሊኬጅ ነው፤ ኮረንቲ ሲያፈተልክ አውቆ በቅጽበት የሚያጠፋ መሣሪያ። ወንድምህ እንዳለኝ እሱም ነበረ፤ ቶሎ ቶሎ ሲወርድ ባለሙያው ነቅሎ ጣለው። ይሄ አናደደኝ። ኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር ዕቃ) ያለው ማሽን ጤነኛ ሆኖም ጥቂት ኮረንቲ ወደ ኧርዝ ያፈሳል። ሦስት ማሽን በአንድ ኧርዝ ሊኬጅ ስር ካጨቅህ ድምሩ ይጥለዋል። ለእያንዳንዱ የየራሱን አድርግለት። ለብቻው ሆኖም የሚወርድ ካለ ማሞቂያው ውሃ ገብቶበት ይሆናል፤ ኮረንቲ ማፍሰሱን በሚለየው መሣሪያ፣ በሜገር ይለካ። ስሪ ፌዝ ኢንቨርተር ላለው ደግሞ ታይፕ ቢ የሚሉትን ኧርዝ ሊኬጅ ግዛ፤ ተራው በዲሲ (አቅጣጫውን በማይቀያይር) ኮረንቲ ሊደነዝዝ ይችላል። ዋጋው ያስደነግጥሃል። ግዛው።

ሌላው፣ ኒውትራሉን (የኮረንቲ መመለሻውን ሽቦ) ከማሽኑ አካል ጋር ያገናኙና «ኧርዝ ሠራን» የሚሉ አሉ። ኒውትራሉ አንድ ቀን ከላላ ቆርቆሮው ራሱ 220 ይሆናል። ቢጫና አረንጓዴው የኧርዝ ሽቦ ከማሽኑ እስከ ቦርዱ ለብቻው ይምጣ። ፌዙ ባለ 6 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ከሆነ እሱም 6 ካሬ ይሁን። የሚታሰርበት ቦታ ቀለም ካለው እስኪያብለጨልጭ ይፋቅ። ብሎኑም በየጊዜው ይታይ፤ ማሽኑ ሲጨምቅ ያለው መንቀጥቀጥ ያላላዋል።

ኧርዝ ሊኬጁ ላይ ቲ የተጻፈባት ቁልፍ አለች፤ በየወሩ ተጫናት። ግን የምትፈትነው ኧርዝ ሊኬጁን ብቻ ነው። የኧርዝ ሽቦህ ቢቆረጥ አትነግርህም። እሱን ኃይል አጥፍቶ በሜትር መለካት ነው።

እስከዚያ ማሽኑን ከቦርዱ አጥፋው፤ አንሶላው ይዘግይ። የቦርዱንና ማሽኑ ጀርባ ላይ ያለችውን የመረጃ ሰሌዳ ፎቶ ላክልኝ። ክዳኑን ግን እንዳትፈታ፤ ኢንቨርተር ከጠፋ በኋላም ለደቂቃዎች ኮረንቲ ይይዛል።

ማታ ማታ ስልኬ ክፍት ነው።

ወንድምህ