ለአጋምም ቦታ ይሰጠው

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በየቀኑ በእግሬ እመላለሳለሁ። መንገዱ ሰፍቷል፣ ዳር ዳሩ አበባ በአበባ ሆኗል። ጠዋት ጠዋት ውሃ የሚያጠጡትን ሰዎች ሳይ ደስ ይለኛል። ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ያን ሁሉ መንገድ ስሄድ በልጅነቴ የማውቀውን ተክል አንድም አላገኝም።

ያደግኩት ሰሜን ሸዋ ገጠር ነው። አጥራችን አጋም፣ ቀጋና ኮሽም ተቀላቅሎ የበቀለበት ነበር። ከብት አያስገባም። ሲያብብ ደግሞ ደጁ በመዓዛ ይታወዳል። የአጋም አበባ ከውስጥ ነጭ፣ ከጀርባው ቀላ ያለ ነው። ቀጋ ጽጌረዳ ናት፤ ነጭ የዱር ጽጌረዳ። የሳይንስ ስሟ ራሱ ሮዛ አቢሲኒካ ነው፣ የሐበሻ ጽጌረዳ እንደማለት።

ፍሬው ሲደርስ እኛ ልጆች ከአጥሩ ሥር አንጠፋም። አጋም በደንብ ጠቁሮ ካልበሰለ ወተቱ ከንፈር ላይ ይጣበቃል። ቸኩሎ የቀጠፈ ልጅ ከንፈሩ ይመሰክርበታል። ቀጋን ደግሞ ዝም ብሎ መጉረስ የለም። ውስጧ ያለው ዘር ጸጉራም ስለሆነ ጉሮሮ ይበላል። ታላቅ እህቴ በጥፍሯ ለሁለት ትከፍላትና ዘሩን በስንጥር ጠርጋ ታወጣለች። ከዚያ ቀዩን የላዩን ሥጋ ብቻ ትሰጠኛለች። የእሷ እጅ በእሾህ ተጫጭሮ እኔ እበላ ነበር። እስከዛሬ የዚያ ፍሬ ጣዕም ሲመጣብኝ የማስበው እጇን ነው።

ገጠር ውስጥ ለዓይን የሚተከልና ለሆድ የሚተከል ብሎ መለየት ብዙም የለም። ጤና አዳሙ ለቡና ነው፣ ግን በሩ አጠገብ ያለው ደጁን ስለሚያሳምርም ነው። አሪቲው ለሽታ ነው። አደይ አበባ በመስከረም ማሳውን ዳር ዳር ቢጫ ታደርገዋለች፣ ገንዘብ የሚከፍልባትም የለም። ሳማ እንኳ ቦታ አላት። ክረምት ገብቶ ጎተራው ሲራቆት እናቴ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ለጋ ለጋውን ቅጠል ትለቅም ነበር። ሲቀቀል መለብለቡ ይጠፋል። አማስላ፣ ጨው ጣል አድርጋ በእንጀራ ታቀርበዋለች። የድሃ ምግብ ነው እያሉ የሚያፍሩበት ሰዎች አሉ። እኔ አላፍርበትም። ያቺ ሳማ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር አትበቅልም፤ የሳይንስ ስሟም ኡርቲካ ሲመንሲስ የተባለው በሰሜን ተራሮች ስም ነው።

አሁን ወደ ከተማው ልመለስ። ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ «እማዬ፣ አጋም የተጠጋ ቁልቋል ለምንድነው የሚያለቅሰው?» አለችኝ። ተረቱን በቃሏ ይዛዋለች። አጋሙን ግን አይታው አታውቅም። እሾሁ ሲወጋው ቁልቋሉ ነጭ ወተት እንደሚያፈስ በወረቀት ላይ እየሳልኩ አስረዳኋት። ሥዕሌ እንደ ተክሉ አልሆነም።

ላሳያት የምችልበት አንድ ቦታ ነበረኝ። በምሠራበት መሥሪያ ቤት ግቢ፣ ከኋላ በኩል፣ አንድ ያረጀ አጋም ነበር። ቅዳሜ ይዣት ልሄድ አስቤ ሐሙስ ዕለት ስገባ ተነቅሎ ጉድጓዱ ብቻ ቀርቷል። አትክልተኛውን ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ ምን ሆነ?»

«ግቢውን አሳምሩት ተባለ፣ ልጄ። እሾህ ነው አሉ። እኔማ እያዘንኩ ነው የነቀልኩት። እኛ አገር እኮ ይሄ ምግብ ነው።»

በቦታው ዘንባባ ገብቷል። ዘንባባ አልጠላም። እሾህ ነው የተባለው ግን አልዋጥልሽ አለኝ። ጽጌረዳ እሾህ የላትም? በየቪላው አጥር ላይ የተንጠለጠለው ቡገንቪሊያስ? እሱ ከደቡብ አሜሪካ መጥቶ ቦታ ካገኘ አጋም ምን በደለ?

ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል የአገራችንን ተክሎች እንደሚጠብቅ አውቃለሁ፣ አመሰግናለሁም። ግን እሱ ከከተማው ዳር ነው። እኔ የምለው በየቀኑ ስለምናልፍበት መንገድ ነው። ከአስፋልት ዳር ፍሬ እንልቀም ማለቴም አይደለም፣ የመኪናው ጭስ አለ። በመናፈሻዎችና በትምህርት ቤት ግቢዎች ግን የቀጋና የአጋም አጥር ምን ይከብዳል? ከእግረኛው ትንሽ ራቅ አድርጎ መትከል፣ ስሙን በሰሌዳ መጻፍ፣ በቃ። አጋም ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን አያረግፍም፣ ድርቅም ይችላል። ለውሃ ወጪ ለሚጨነቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡ ልጆችን አጋም አላችሁ ወይ ብዬ ብጠይቅ «እሱን ማን ይገዛል?» አሉኝ። ስለዚህ ከአገር ቤት ፍሬ አስመጥቼ በረንዳዬ ላይ በዘይት ጀሪካን ዘራሁ። አምስት በቀሉ፣ ሁለቱ ሞቱ። አንዱን ለአባባ ሰጥቻቸው ከዘንባባው ጀርባ ተክለውታል። የቀሩት ሁለቱ ስንዝር አልፈዋል፣ ጀሪካኑም ጠቧቸዋል። አራት ኪሎ አካባቢ ግቢ ያለው ትምህርት ቤት በጋዜጣችሁ በኩል ቢያሳውቀኝ ይዤ እመጣለሁ። ልጄም ትመጣለች።

አክባሪያችሁ
አንዲት አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ