ለአባቴ፣ ስለ ዩ ጎዳና

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎን የሚያምዎ ነገር ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ ስንጨዋወት፣ እዚህ ዋሽንግተን ዘጠነኛው መንገድ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ እንዲሰየም የእኛ ነጋዴዎች በ2005 ሲጠይቁ፣ የሰፈሩ ጥቁር ነዋሪዎች ለምን እንደተቃወሙ ጠይቀውኝ «ቀንተው ይሆን?» ብለው ነበር። የረባ መልስ ስላልነበረኝ ወሬውን ወደ ሌላ አዞርኩት። ይህ መንገድ ወደሚያገኘው ወደ ዩ ጎዳና ክትፎ ለመብላት ካልሆነ ወርጄ ስለማላውቅ አፍሬ፣ ሁለት ቅዳሜ በእግሬ ዞርኩበት። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፍልዎታለሁ።

አሥራ ሁለተኛው መንገድ ጥግ ላይ በ1903 የተመረቀ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል። ንድፉን ያወጣው ጆን ላንክፎርድ የተባለ ጥቁር አርክቴክት ሲሆን ገንዘቡም ጉልበቱም የጥቁሮች ነበር፤ ያሠራውም ማኅበር አባላቱ ሲታመሙና ሲሞቱ የሚደርስ፣ የእኛን እድር የሚመስል ነው። ትንሽ አለፍ ብሎ በ1919 የተከፈተው የዋይትሎ ሆቴል አለ፤ የመሐል ከተማ ሆቴሎች ጥቁር እንግዳ አናሳድርም ይሉ ስለነበር ጥቁሮች ራሳቸው አዋጥተው ሠሩት። ሊንከን ቴአትር ደግሞ በ1922 ተከፈተ። በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ጃንሆይ የሸለሙት የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ያደገው በዚሁ አካባቢ መሆኑን ሳውቅ፣ እርስዎ ስለዚያ ዘመን ሙዚቃ የሚያወሩት ሁሉ ትዝ አለኝ።

በሚያዝያ 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል የሕዝቡ ቁጣ የፈነዳው እዚሁ፣ አሥራ አራተኛው መንገድና ዩ ጎዳና በሚገናኙበት ቦታ ነው። ሱቆች ተቃጠሉ፤ አቅም ያለው ለቆ ሄደ፤ በኋላም ለምድር ባቡሩ ሥራ ጎዳናው ተቆፍሮ ስለከረመ፣ ጣቢያው በ1991 እስኪከፈት ድረስ የቀረው ንግድ በጭንቅ ቆየ። የእኛ ሰዎች ምግብ ቤት መክፈት የጀመሩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ቤቱ ባዶ ስለመሰለን ባለቤት የሌለው አድርገን ቆጠርነው። ነዋሪዎቹ የፈሩት ስሙ ሲለወጥ የእነሱ ታሪክ አብሮ እንዳይሸፈን ነበር፤ እኔ በበኩሌ አልፈርድባቸውም። ፒያሳን ትናንት የመጣ ሰው በሌላ ስም ቢጠራው እርስዎ ዝም ይሉ ነበር?

ከሁሉ ልቤን የነካው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለተዋጉ ጥቁር ወታደሮች የቆመው መታሰቢያ ነው። በግድግዳው ላይ 209,145 ስሞች ተቀርጸዋል። ስቆም አንዲት አሮጊት መነጽራቸውን አውልቀው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አስጠግተው አንድ ስም ይፈልጉ ነበር፤ ልርዳዎት ብላቸው «ቀስ ብዬ አገኘዋለሁ» አሉኝ።

በበጋ ሲመጡ ብዙ አላስኬድዎትም፤ በአሥረኛው መንገድ በኩል ያለው የጣቢያው መውጫ እመታሰቢያው አጠገብ ያወጣል። በ1958 የተከፈተውን ቤንስ ቺሊ ቦውል የተባለውን ምግብ ቤትም ከውጭ አሳይዎታለሁ፤ ታዋቂው ቋሊማቸው የአሳማ ሥጋ ስላለበት ግን እዚያ አልጋብዝዎትም። ቡናችንን ዘጠነኛው መንገድ ላይ እንጠጣለን።

ለእማዬ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

አክባሪ ልጅዎ