ከአራት ኪሎ ለጓደኛዬ

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? እማማስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዝምታችን ረዝሟል። ዛሬ ግን ሳልጽፍልሽ ማደር አልቻልኩም።

ያለሁት አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ነው። ከሥራ ስወጣ እዚህ ጎራ እላለሁ። (ፒያሳን አሁን ብታዪያት አታውቂያትም፤ እሱን ሌላ ቀን እጽፍልሻለሁ።) ሰሞኑን የማነበው ስለ አላን አስፔ ነው። በ2022 ከክላውዘርና ከዛይሊንገር ጋር የፊዚክስ ኖቤል የወሰደው ፈረንሳዊ ፕሮፌሰር። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዢልኝ። ሽልማቱን ሳትሰሚ አትቀሪም። ካሜሩን አስተማሪ እንደነበረስ?

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። በውትድርና ግዴታው ፋንታ እንዲያስተምር ተላከና ሦስት ዓመት ቆየ። ኳንተም መካኒክስን፣ የአቶምንና የብርሃንን ጠባይ የሚያስረዳውን ቲዎሪ፣ በደንብ የተማረው እዚያ ነው፤ በትርፍ ጊዜው፣ ለብቻው፣ ከመማሪያ መጽሐፍ። ይህን ሳነብ አንቺ ትዝ አልሽኝ። «እዚህ ለማስተማር ገብቼ ፊዚክሴ ቀረ» ብለሽኝ ነበር። እኔ አልቀረም ባይ ነኝ።

አገሩ ሲመለስ የፊዚክስ ሊቁን የጆን ቤልን ጽሑፍ አገኘ። ዶርም ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የተከራከርንበት ጉዳይ ነው። አብረው የተፈጠሩ ሁለት ቅንጣቶች ቢራራቁም የአንዱ ልኬት ከሌላው ይገጥማል። አንስታይን በ1935 የቅንጣቶቹ ጠባይ ከመነሻው የተወሰነ መሆን አለበት፣ ኳንተም መካኒክስ አልያዘውም እንጂ አለ። ቤል ደግሞ በ1964 እንዲያ ከሆነ መግጠሙ የማያልፈው ወሰን አለ ብሎ ወሰኑን አሰላ። ክርክሩ ወደ ላብራቶሪ ወረደ።

አስፔ ጄኔቭ ድረስ ሄዶ ሐሳቡን ሲያጫውተው፣ ቤል መጀመሪያ የጠየቀው ቋሚ ሥራ እንዳለው ነበር። እኔ ይህን ጥያቄ የደግ ሰው ጥያቄ ነው እላለሁ። ያኔ እንዲህ ባለ ነገር መጠመድ የወጣት ተመራማሪን እንጀራ ያሳጣ ነበር። አስፔ ግን የማስተማር ቋሚ ሥራ ነበረው። ዓመታት የፈጀውን ዝግጅት የተሸከመለት ያ ሥራ ነው።

ሙከራው ፓሪስ አጠገብ ኦርሴ ተሠራ። ካልሲየም አቶሞችን በሌዘር ይቀሰቅሳሉ፤ አንዱ አቶም ሁለት ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ይለቃል፣ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ። መለኪያዎቹ በየበኩላቸው ከምንጩ 6 ሜትር ይርቃሉ። ለብርሃን 20 ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) መሆኑ ነው። በ1982ቱ ሙከራ ታዲያ የሚለካው የፖላራይዜሽን አቅጣጫ (ብርሃኑ የሚርገበገብበት) በየ10 ናኖሰከንዱ ገደማ ይቀያየር ነበር። ፎቶኖቹ ገና መንገድ ላይ ሳሉ! ከአንዱ ጫፍ ለሌላው ወሬ ለማድረስ ብርሃን እንኳ 40 ናኖሰከንድ ያስፈልገዋል። ውጤቱ የቤልን ወሰን አለፈ፤ ልክ ኳንተም መካኒክስ እንደተነበየው።

«አንስታይን ተሸነፈ» ተብሎ ሲጻፍ ደስ አይለኝም። ጥያቄውን ያነሳው እሱ አይደል? ከብርሃን የፈጠነ መልእክትም አልተላከም። መግጠሙ የሚታየው የሁለቱ ወገን ውጤት ጎን ለጎን ሲቀመጥ ብቻ ነው።

ከዚያ አስፔ ጉዳዩን ለሌሎች ትቶ አቶሞችን በሌዘር ወደ ማቀዝቀዝ ዞረ። አብሮት የሠራው ማን መሰለሽ? ክሎድ ኮኸን-ታኑጂ፤ ካሜሩን ሆኖ ያጠናውን መጽሐፍ ከጻፉት አንዱ!

በአውቶቡስ አንድ ፖስታ እልክልሻለሁ። የቤልን ስሌት በእጄ ገልብጬዋለሁ፤ ከአሮጌ የፀሐይ መነጽር ያወጣኋቸው ሦስት ፖላራይዘሮችም (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፉ ማጣሪያዎች) አሉበት። ሁለቱን ደራርበሽ አንዱን በ90 ዲግሪ አዙረሽ ብርሃኑ ሲጠፋ፣ ሦስተኛውን በመካከላቸው በ45 ዲግሪ አስገቢው። ብርሃን ተመልሶ ያልፋል። ለምን እንደሆነ ሳትነግሪያቸው ተማሪዎችሽን ጠይቂያቸው፤ ያሉትንም ጻፊልኝ። እማማን ሳሚልኝ።

ጓደኛሽ