ሞተሪኖ ከመግዛትህ በፊት

ይድረስ እንደ ወንድም ለምወድህ ጓደኛዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ቤተሰቡስ ደህና ነው? እኔ ደህና ነኝ። ሦስት ዓመት ድምፄን ያጠፋሁት ተቀይሜህ አይደለም። አባቴ ካረፈ በኋላ ስልክ ማንሳት ከበደኝ። አንተ ደጋግመህ ደውለሃል፤ አንዱንም አላነሳሁም። ጊዜው በረዘመ ቁጥር ደግሞ ምን ብዬ ልጀምር የሚለው ሐፍረት ያዘኝ። ይቅር በለኝ።

አሁን እንድጽፍልህ ያደረገችኝ እህቴ ናት። ፒክአፕህ አልነሳ ብላህ ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ዕቃ) ልትቀይርላት እንደሆነ ነገረችኝ። ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። እባክህ ገና ምንም እንዳትገዛ።

የአባቴን ፒክአፕ ታስታውሳታለህ። እየገፋን፣ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮን እየለቀቅን ስንቴ አስነስተናታል! እሱ ካለፈ በኋላ ለወራት ቆመች። አንድ ቀን ቁልፉን ባዞረው «ቀጭ» ብላ ዝም አለች። ደገምኩት፤ አሁንም «ቀጭ»። ያሳየሁት ባለሙያ ምንም ሳይለካ ሞተሪኖው አልቋል አለኝ። አምኜው አዲስ ገዝቼ አስገጠምኩ። በማግስቱ ጠዋት ያው «ቀጭ»።

ከዚያ በኋላ ነው ራሴ መለካት የጀመርኩት። ባትሪው ቆሞ 12.6 ቮልት አሳየ፤ ሙሉ ነው ማለት ነው። ቁልፉን የሚያዞርልኝ ሰው ስላስፈለገኝ የእህቴን ልጅ ጠራሁት። አንተ በነበርክበት ቦታ እሱ ተቀመጠ። ቁልፉን ሲያዞር ባትሪው 12.2 ላይ ቆመ። ግራ ገባኝ። ሞተሪኖ ከመቶ አምፔር በላይ የሚስብ ዕቃ ነው፤ ሲሠራ የባትሪው ቮልት ወደ 10 እና 11 አካባቢ መውረድ አለበት። ካልወረደ ኃይሉ ከባትሪው አልወጣም። መንገድ ላይ የሚያግደው ነገር አለ።

የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ምሰሶ ላይ፣ ሌላውን ንጹሕ የሞተር ብረት ላይ አደረግኩ። ልጁ ቁልፉን አዞረ። ከ0.2 ቮልት መብለጥ የሌለበት ልኬት 8 አሳየኝ!

ከሥር ገብቼ ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የማሳ ገመድ በእጄ ተከተልኩት። ከላይ ሲታይ ጤነኛ ነበር። ሞተሩ ላይ በብሎን የታሰረበት ጫፍ ጋ ግን ላስቲኩ አብጧል። በቢላ ስሰነጥቀው አረንጓዴ ዱቄት እጄ ላይ ፈሰሰ። ከመዳብ ክሮቹ በሕይወት የቀሩት ጥቂት ናቸው። ገመዱን ቀየርኩ፣ ብሎኑ የሚያርፍበትን ብረት እስኪያብለጨልጭ ፋቅኩት። ቁልፉን አንዴ ሳዞረው ተነሳች። መሪው ላይ ተደግፌ ትንሽ አለቀስኩ።

በፖዘቲቩ በኩልም እንዲሁ ለካ፤ ከባትሪው ምሰሶ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ብሎን ድረስ። ቁልፉ እየዞረ ከ0.5 ቮልት ከበለጠ ገመዱ ወይም ማሰሪያው ችግር አለበት። የገመዱን ማሰሪያ ሳይሆን የባትሪውን ምሰሶ ራሱን ንካ። ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚደበቀው በሁለቱ መካከል ነው።

እህቴ ድምፁን በደንብ አልነገረችኝም። ቶሎ ቶሎ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» የሚል ከሆነ ባትሪው ደክሟል ወይም ማሰሪያው ላልቷል። ጭራሽ ድምፅ ከሌላት ፊውዙን፣ ሪሌውን (በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ትንሽ ማብሪያ)፣ የቁልፉን ማስነሻ እይ። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ብቻ የሚሠራ ማብሪያም ካላት እሱን አትርሳ። ሞተሪኖው ብቻውን እየዞረ ሞተሩ ካልዞረ የተበላሸው ቤንዲክሱ ነው፤ ሞተሪኖውን ከሞተሩ ጥርስ ጋር የሚያያይዘው ማለት ነው። ብረት ከብረት ሲፋጭ ከሰማህ ግን ቁልፉን ደጋግመህ አታዙር፤ የቮላኖውን (ሞተሪኖው የሚያዞረውን ትልቅ ክብ ብረት) ጥርስ ትጨርሰዋለህ።

ኃይሉ በደንብ እየደረሰው አንዴ ብቻ «ቀጭ» ካለ ያን ጊዜ ሞተሪኖውን አውርደው። ስታወርደው አስቀድመህ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ። ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ወፍራም ገመድ ቁልፉ ጠፍቶም ኃይል አለው፤ መፍቻህ ሌላ ብረት ቢነካ በአንድ አፍታ ያቃጥልሃል። የሞተሪኖውን ብሎኖች በመፍቻ አገናኝቶ የማስነሳቱን ነገርም ተወው። ማርሽ ገብቶ ከሆነ መኪናዋ ላይህ ላይ ትወጣለች።

አውርደህም ቢሆን ለመጣል አትቸኩል። እኔ ያስወጣሁትን አሮጌውን ሞተሪኖ በኋላ ፈታሁት። ለሚዞረው ክፍል ኃይል የሚያደርሱት ካርቦኖቹ ገና ብዙ ይቀራቸዋል። ሶሌኖይዱ (ኃይሉን ወደ ሞተሪኖው የሚያገናኘው ክፍል) ውስጥ ያሉት ሁለት የመዳብ መንኪያዎች ብቻ በአንድ በኩል ተበልተዋል። በብዙ አሮጌ የጃፓን ፒክአፖች እነዚህ ለብቻቸው ይቀየራሉ። ቀየርኳቸው፣ አጸዳሁት፣ ባትሪ ላይ ስሞክረው እንደ አዲስ ዞረ። መደርደሪያ ላይ አለ። የአባቴ እጅ የነካው ስለሆነ መጣል አልሆነልኝም።

ቁልፉን አዙረህ ስትሞክር ሞተሪኖውን ከ10 ሴኮንድ በላይ አታስጨንቀው፤ በየመሃሉ አንድ ሁለት ደቂቃ አሳርፈው።

ሦስት ቁጥሮች ለካልኝ፦ ባትሪው ቆሞ፣ ባትሪው ቁልፉ ሲዞር፣ እና ከኔጌቲቭ እስከ ሞተር። ከዚያ ደውልልኝ፤ ማታም ቢሆን፣ ሌሊትም ቢሆን። አነሳለሁ።

ያንተው ወንድም