የውኃ ሕይወት ክበብ የ2011 ዓ.ም. ዘገባ፦ የዓሣው ዓመትና የትምህርት ዓመት

የውኃ ሕይወት ክበብ በትምህርት ቤታችን ካሉት ክበባት በአባላት ብዛት ትንሹ ነው፤ ዘንድሮ ያከናወነው ሥራ ግን በዝርዝር ሊጻፍ የሚገባው ነው ብዬ አምናለሁ። የክበቡ ዓላማ ተማሪዎች በጣና ሐይቅና ወደ ሐይቁ በሚገቡት ወንዞች ውስጥ የሚኖሩትን እንስሳት በገዛ ዓይናቸው አይተው፣ ለክተውና መዝግበው እንዲያውቋቸው ማድረግ ነው። ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገ ልጅ ሐይቁን በየቀኑ ያያል፤ በሐይቁ ውስጥ ያለውን ግን ከምሳ ሳህኑ ባለፈ የሚያውቅበት አጋጣሚ እምብዛም አያገኝም።

ለዘንድሮ ዋና ሥራችን የመረጥነው በገበያ በጥቅሉ ነጭ ዓሣ የሚባሉትን ነው። ቆሮሶና አምባዛ በሌሎች የአፍሪካ ውኃዎችም በብዛት የሚገኙ ዓሣዎች ሲሆኑ፣ ነጭ ዓሣ ከሚባሉት ውስጥ አብዛኞቹ ግን ከጣና ተፋሰስ በስተቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ተመራማሪዎች ላቤዮባርበስ በሚባለው ጂነስ (የተቀራረቡ ዝርያዎች ምድብ) ሥር የሚመድቧቸው እነዚህ ዓሣዎች በአንድ ሐይቅ ውስጥ ተለያይተው 15 ያህል ዝርያዎች ሆነዋል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያላነሰ ስፋት ያለው ሐይቅ ቢሆንም፣ አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታም 14 ሜትር ገደማ ነው። ከሐይቁ በታች 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ገደማ ስለሚወርድ፣ ከታች የሚመጣ ዓሣ ወደ ላይ ሊወጣ አይችልም፤ የሐይቁ ዓሣዎች ለብቻቸው የቀሩትም በዚህ ምክንያት ነው። የሐይቁን ወለል ደለል ያጠኑ ሳይንቲስቶች ጣና ከ16,000 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበር አሳይተዋል። እንግዲህ ዓሣዎቹ ዛሬ በምናየው መልክ የተለያዩት ሐይቁ እንደገና ከሞላ በኋላ ከሆነ፣ ይህ ሁሉ ለውጥ የመጣው በሥነ ሕይወት አቆጣጠር እጅግ አጭር በሆነ ጊዜ ውስጥ ነው ማለት ነው።

የክበቡ አባላት መጀመሪያ ያነሱት ጥያቄ «በእርግጥ 15 ናቸው ወይ?» የሚል ነበር፤ ጥያቄው ከእነሱ በፊት ትልልቅ ሊቃውንትን ያከራከረ ስለሆነ ሁለት ስብሰባ ሰጠነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፕል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ኢትዮጵያ መጥቶ የጣናን ዓሣዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንሳዊ ስም ጻፈ፤ ከመቶ ዓመት በኋላ በ1940 ጣሊያናዊው ቢኒ ብዙ ስሞች ጨመረበት። በ1973 እንግሊዛዊው ባኒስተር ደግሞ እነዚህ ሁሉ የአንድ ዝርያ ልዩ ልዩ መልኮች ናቸው ብሎ በአንድ ስም ጠቀለላቸው። በ1990ዎቹ የኔዘርላንዶቹ ተመራማሪዎች ናገልከርከና ሲቢንግ ዓሣዎቹን በብዛት ለክተው፣ የሚበሉትን መርምረውና የሚኖሩበትን ጥልቀት አጥንተው ልዩነቱ የመልክ ብቻ አለመሆኑን አሳዩ፤ በ2000 ባወጡት ክለሳም 15 ዝርያዎችን ለይተው አስቀመጡ። ልዩነቱን የሐይቁ አስጋሪዎች ከሊቃውንቱ ቀድመው ያውቁት እንደነበር መጥቀስ ተገቢ ነው፤ አፉ ትልቅ የሆነውንና ከንፈሩ የወፈረውን ለይተው የሚጠሩት ከጥንት ጀምሮ ነውና። ለተማሪዎቼ ከማንኛውም የክፍል ትምህርት ይልቅ የጠቀማቸው ይህ ክርክር ይመስለኛል። በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ዝርያ ተቆጥሮ ያለቀ ነገር መስሎ ነው የሚቀርበው፤ ቁጥሩ ማን በምን መለኪያ እንደ ለካው የሚወሰን መሆኑን ማየት ግን ሌላ ነገር ነው።

የላቦራቶሪ ሥራችን የተካሄደው በተጣለ ዓሣ ላይ ነው። በሐይቁ ዳር ዓሣ የሚራገፍበት ቦታ ሥጋውን ከአጥንት የሚለዩ ወጣቶች ጭንቅላቱን ከነአጥንቱ ሳይቆርጡ እንዲያስቀምጡልን ተስማማን፤ እነሱም በፈቃደኝነት አስቀመጡልን። ዓሣ ለጥናት ተብሎ እንዳይሞት የክበቡ ደንብ ስለሚከለክል መንገዱ ይህ ብቻ ነበር። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ዐቢይ ጾም ሲገባ የዓሣ ገበያው ስለሚደራ ናሙናችን ከምንችለው በላይ በዛ፤ ሽታውን በተመለከተ ከጎረቤት ክፍሎች የቀረበውን አቤቱታ እዚህ ላይ መዘርዘር አያስፈልግም።

ከሥራው ሁሉ ተማሪዎቹን የማረካቸው የጉሮሮ ጥርስ ነው። የእነዚህ ዓሣዎች ወገን በመንጋጋው ላይ አንድም ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ያለው ከስንጥቡ (ዓሣው ከሚተነፍስበት አካል) ኋላ በተሸሸጉ ሁለት ጎባጣ አጥንቶች ላይ ነው። አጥንቱን ለማውጣት ስንጥቡን በመቀስ ከፍቶ፣ ሥጋውን ሳይቀዱ ከሥሩ ማላቀቅ፣ ከዚያም ሥጋው እስኪለቅ ድረስ በትንሽ እሳት ቀቅሎ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ማጽዳት ያስፈልጋል። ሲደርቅ ጥርሶቹ በሦስት ረድፍ ተሰልፈው ይታያሉ። ተማሪዎቹ ከተለያዩ ዓሣዎች የወጡትን አጥንቶች በጥቁር ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ፣ የአንዱ ጥርስ ቀጭንና ጫፉ የታጠፈ፣ የሌላው ደልደል ያለና ጫፉ የተበላ መሆኑን ያለ ማጉያ መነፅር ለዩ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ደልደል ያለ ጥርስ ከነበረው ዓሣ አንጀት ውስጥ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ስብርባሪ አግኝታ በጠርሙስ ይዛ መጣች፤ ከዚያ በኋላ ጥርስና ምግብ ስላላቸው ግንኙነት ማስረዳት አላስፈለገኝም። በስንጥቡ ቅስት ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩትን ዘንጎችም መቁጠር ጀመርን፤ በውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቂቅ እንስሳትን አጥልለው የሚመገቡት ዓሣዎች ዘንጎቻቸው የበዙና የቀጠኑ ናቸው።

ከ15ቱ ዝርያዎች ስምንቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ መሆናቸው በተለይ ሊነሳ ይገባል። የመንጋጋ ጥርስ የሌለው ዓሣ፣ ዓሣ አዳኝ ሆኖ መኖሩ በወገኑ ዘንድ ብርቅ ነው። አዳኞቹ በአብዛኛው የሚመገቡት ኢንተሮሚየስ የሚባለውን ትንንሽ ዓሣ ሲሆን፣ ከእነዚህም አንዱ ከዳርቻ ርቆ በሐይቁ መካከል የሚኖረውና ኢንተሮሚየስ ታናፔላጊየስ የተባለው፣ በሳይንስ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ይህን ስነግራቸው ከተማሪዎቹ አንዱ «መምህር፣ እኛ ልንወለድ ጥቂት ሲቀረን ነው እኮ!» አለኝ።

ዓሣ ብቻ ስላላጠናን የዳርቻውን ሥራም በአጭሩ ልጥቀስ። በደንገሉ ሥርና በድንጋዩ ሥር የሚኖሩትን አከርካሪ የሌላቸው እንስሳት እጀታ ባለው መረብ ሰብስበን በነጭ ትሪ ላይ አፈሰስናቸው፤ የውኃ ተርብ እጮች፣ አልቅት፣ ቀንድ አውጣ፣ ከአሸዋ ቅንጣት ለራሳቸው ቤት የሚሠሩ እጮችና በጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ቀይ እጮች ተገኙ። ኦክስጅን የበዛበትን ንጹሕ ውኃ የሚሹት እጮች ጠፍተው ቀዮቹ ብቻ በዝተው የሚገኙበት ቦታ ፍሳሽ የሚደርሰው እንደሆነ ይገመታል፤ ከከተማው የፍሳሽ ቦይ አፍ የተወሰደው ትሪም ከሌሎቹ ፈጽሞ የተለየ ነበር። በዚህ ሥራ ላይ ማንም ተማሪ ያለ ቦት ጫማና ያለ ጓንት ወደ ውኃው እንዳይጠጋ ከልክያለሁ። ከሰበሰብናቸው ቀንድ አውጣዎች መካከል የቢልሃርዝያን ጥገኛ ተሕዋስ የሚያስተላልፉት ሊኖሩ ስለሚችሉና በሽታውም በሐይቁ ዳርቻ ያለ ስለሆነ፣ ወላጆች ይህን ክልከላ በቤትም እንዲያጸኑልን እጠይቃለሁ።

የውኃውን ጥራት የለካነው ጥቁርና ነጭ ቀለም በቀባነው የድስት ክዳን ነው፤ ክዳኑ በገመድ ወርዶ ከዓይን የሚጠፋበት ጥልቀት ይመዘገባል። ከክረምቱ በኋላ ውኃው ቡናማ ሆኖ ክዳኑ ቶሎ ይሰወራል፤ ወደ በጋ ሲጠጋ ጥራቱ በመጠኑ ይሻሻላል። በውኃ ላይ ስለሚንሳፈፈው የእምቦጭ አረም ደግሞ ብዙ ስለተባለ አልደግምም፤ በሐይቁ መታየቱ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ ፎገራ ለዘመቻ በሄድንበት ቀን ተማሪዎቹ የአንዱን ተክል ሥር በባልዲ ውስጥ አጥበው የረገፈውን ሕይወት ሁሉ መዝግበዋል። ተክሉ መወገድ እንዳለበት የማይስማማ የለም፤ በሥሩ የተጠለለው ፍጥረት ብዛት ግን ሁላችንንም አስገርሞናል።

የዓመቱ ዋና ጉዳይ የሆነውና ለትምህርት ቤቱ አስተዳደርም በጽሑፍ ያቀረብኩት ወደ ጉማራ ወንዝ ባደረግነው ጉዞ የተረዳነው ነው። ክበባት አባላት መዝግበው ሥራ የሚጀምሩት ጥቅምት አጋማሽ ላይ ስለሆነ፣ ጉማራ የደረስነው የጥቅምት ወር ሊያልቅ ሲል ነበር። ወንዙ ጎድሎ፣ ዳርቻው ደርቆ ጠበቀን። ከላቤዮባርበስ ዝርያዎች ሰባቱ ዕንቁላላቸውን ለመጣል ከሐይቁ ወደ ጉማራና ወደ መሰል ወንዞች የሚወጡት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ብዛታቸው ከፍ የሚለው በነሐሴና በመስከረም ነው። በጠጠር ላይ በሚፈስ፣ ኦክስጅን በበዛበት ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ዕንቁላላቸውን ጥለው ይመለሳሉ። እኛ ስንደርስ ዓሣዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሄደዋል። በድልድዩ አቅራቢያ ያገኘናቸው አንድ አዛውንት አስጋሪ ልጆቹን ተመልክተው «ልጆቼ፣ ሠርጉ አልቆ ነው የመጣችሁት» አሏቸው።

አዛውንቱ የነገሩን ነገር በጥናት ከተጻፈው ጋር ይገጥማል። ዓሣው ወደ ወንዙ ለመግባት በወንዙ አፍ ላይ ሲሰበሰብ መረብ የሚዘረጋበት ሰው ብዙ ይይዛል፤ የሚይዘው ግን ገና ዕንቁላሉን ያልጣለውን ዓሣ ነው። የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ያለው አሰጋገር በጣና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ሲሆን፣ ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ዕንቁላላቸውን በወንዝ የሚጥሉት ዝርያዎች መጠን በሦስት አራተኛ ገደማ እንደቀነሰ ተመራማሪዎች ዘግበዋል። በአንዳንድ ገባር ወንዞች የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃው ውስጥ በመበተን ዓሣ የማደንዘዝ ልማድም አለ፤ ይህ ትልቁን ከትንሹ አይለይም። ከወንዞቹ አሸዋ ማውጣት፣ ለመስኖ ውኃ መውሰድና ግድብ መሥራትም መውጫውን ይዘጋል። ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ አስጋሪዎቹን ለመውቀስ ሲቸኩሉ አይቻለሁ፤ እኔ ግን በዚህ አልተስማማሁም። ነሐሴ የጎታ መጉደያ ወር ነው፤ በዚያ ወር መረቡን እንዲሰቅል የሚጠየቅ ሰው ቤተሰቡን በምን እንደሚያበላ አብሮ ካልታሰበ ክልከላው በወረቀት ላይ ይቀራል።

የእኛ ድርሻ ግን መመዝገብ ነው፤ የምንመዘግበው ነገር ደግሞ የሚሆነው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። በጥቅምት ሥራ የሚጀምር ክበብ በሐምሌና በነሐሴ ለሚፈጸም ነገር ምስክር ሊሆን አይችልም። በመሆኑም የክበቡ አባላት ምዝገባ ከመጪው ዓመት ጀምሮ በሰኔ፣ ከፈተናው በፊት እንዲካሄድ ጠይቀን ፈቃድ አግኝተናል። ከአባሎቻችን መካከል ክረምቱን በፎገራና በደራ በዘመዶቻቸው ዘንድ የሚያሳልፉ ተማሪዎች አሉ፤ እነሱ የወንዙን ከፍታ፣ የውኃውን መልክ፣ በገበያ ላይ የሚታየውን የዓሣ ዓይነትና ዕንቁላል የያዘ ስለመሆኑ በየሳምንቱ እንዲጽፉ ቀለል ያለ ቅጽ አዘጋጅተናል። በሙሉ ወንዝ ዳር ማንም ተማሪ ብቻውን እንዳይሄድና ወደ ውኃው እንዳይገባ በቅጹ ራስጌ በጉልህ ተጽፏል፤ ወላጅም ይፈርምበታል።

በወላጆች ቀን ያቀረብነው የጉሮሮ ጥርስ ዐውደ ርእይ ጥሩ ተመልካች አግኝቷል። አልኮልና የናሙና ጠርሙስ የገዛነው ከአባላት መዋጮና ከትምህርት ቤቱ በተሰጠን ድጋፍ ነው፤ ዝርዝሩ በሂሳብ ክፍል ይገኛል። የጎደለን ዋና ነገር ማይክሮስኮፕ ነው፤ ያለን አንድ ብቻ ስለሆነ ተማሪዎች በወረፋ ሲጠቀሙ ደቂቅ እንስሳቱ ውኃው ደርቆባቸው ይሞታሉ።

የአጥንት ስብስቡ ዓሣው ከተገኘበት ቀንና ቦታ ጋር ተለጥፎበት በባዮሎጂ ላቦራቶሪ ሁለተኛ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። የመዝገብ ደብተሩን የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የክበቡ ጸሐፊ ይዛዋለች። የክረምቱ ቅጽ ለሁሉም አባላት ተሰጥቷል፤ የመጀመሪያው የሚሞላው በሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንት ሲሆን፣ የተሞሉት ቅጾች ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ዓርብ በላቦራቶሪው ይሰበሰባሉ።